ማንቁርትን ማትረፍ እና መዋጥን ማትረፍ፦ ከጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምና በኋላ ስኬት የሚለካበት መንገድ ሲመረመር

መግቢያ

በጉሮሮ ካንሰር ሕክምና ዙሪያ ከሚነገሩ ቃላት ሁሉ «አካልን ማትረፍ» የሚለው ለሐኪምም ለታማሚም እጅግ ተስፋ ሰጪ ነው። ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ታማሚውን የተፈጥሮ ድምፁን የሚያሳጣና በአንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲተነፍስ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና በጨረርና በኬሞቴራፒ ተመሳሳይ የመዳን ዕድል ማግኘት መቻሉ ትልቅ እርምጃ ተደርጎ ሲወሰድ ቆይቷል። እርምጃው ትልቅ ስለመሆኑ የሚከራከር የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የጨረር ሕክምናን ማጣጣል አይደለም። የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም «ተረፈ» የተባለው አካል ሥራውን ይሠራል ወይ? የሚል ነው።

ማንቁርት የድምፅ መፍጠሪያ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት የአየር ቧንቧ ዘብ ነው። ምግብና ውኃ ወደ ሳንባ እንዳይገቡ የሚዘጋ፣ ቢገቡም በሳል የሚያስወጣ ክፍል ነው። ስለሆነም በቦታው ያለ፣ ነገር ግን ታማሚው በበላና በጠጣ ቁጥር ትን የሚያሰኘው ማንቁርት «ተርፏል» ተብሎ በሠንጠረዥ ሲመዘገብ፣ መዝገቡ እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት አይሆንም። ከዚህ ቀጥሎ በዘርፉ መሠረታዊ የሚባሉ ጥናቶች ስኬትን እንዴት እንደለኩ፣ ምን እንዳዩና ምን ሳያዩ እንዳለፉ፣ ይህም ለአገራችን የጤና ባለሙያ ምን ትርጉም እንዳለው በየተራ ለማየት ይሞከራል።

የሁለቱ ጥናቶች ምስክርነት

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ያወጣው ጥናት የዚህ ዘርፍ መነሻ ነው። ደረጃ 3 ወይም 4 የደረሰ የማንቁርት ካንሰር ያለባቸው 332 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ማንቁርታቸው ወጥቶ ጨረር ተሰጣቸው። ግማሾቹ ደግሞ በቅድሚያ ሲስፕላቲንና ፍሎሮዩራሲል ወስደው፣ ዕጢው ከቀነሰ ከ66 እስከ 76 ግሬይ የሚደርስ ጨረር ተሰጣቸው። በ2 ዓመት በሕይወት የተገኙት በሁለቱም ወገን 68 በመቶ ሲሆኑ፣ በኬሞቴራፒና በጨረር ከታከሙት መካከል 64 በመቶዎቹ ማንቁርታቸው ሳይወጣ ቀርቷል። ሕይወት ሳይጎዳ አካል የሚተርፍበት መንገድ እንዳለ የታወቀው በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የታተመው አርቲኦጂ 91-11 የተባለው ጥናት ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው። ሦስት ሕክምናዎች ተነጻጸሩ፤ ኬሞቴራፒ ቀድሞ ጨረር የሚከተልበት፣ ሁለቱ በአንድነት የሚሰጡበት እና ጨረር ብቻ። በ2 ዓመት ማንቁርታቸው ያልወጣ ታማሚዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው 75፣ 88 እና 70 በመቶ ነበሩ። ከዚህ በኋላ ኬሞቴራፒንና ጨረርን በአንድነት መስጠት በብዙ አገሮች የተለመደ ሕክምና ሆነ።

ይሁን እንጂ በዚሁ ጥናት ውስጥ ብዙ ትኩረት ያላገኘ ሌላ አኃዝ ነበር። ሕክምናው ባለቀ በ1 ዓመት ለስላሳ ምግብ ወይም ፈሳሽ ብቻ መዋጥ የሚችሉት ታማሚዎች ኬሞቴራፒ ከቀደመላቸው ወገን 9 በመቶ፣ ጨረር ብቻ ከተሰጣቸው 15 በመቶ፣ ሁለቱ በአንድነት ከተሰጣቸው ግን 23 በመቶ ነበሩ። ይህም ማለት ማንቁርትን በማትረፍ አሸናፊ የሆነው ሕክምና በመጀመሪያው ዓመት መዋጥን በመጉዳትም ቀዳሚ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው። ሁለቱ አኃዞች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ ለብዙ ዓመታት በስብሰባዎችና በማስተማሪያ መጻሕፍት ሲደጋገም የኖረው 88ቱ እንጂ 23ቱ አልነበረም።

የ10 ዓመቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ሲወጣ ጉዳዩ ይበልጥ አነጋጋሪ ሆነ። ማንቁርትን በማትረፍ ረገድ በአንድነት የሚሰጠው ሕክምና ብልጫውን እንደያዘ ቆይቷል፤ 81.7 በመቶ። ነገር ግን ከማንቁርት ካንሰርም ከሕክምናውም ጋር ያልተያያዙ የተባሉ ሞቶች በዚህ ወገን 30.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ኬሞቴራፒ ከቀደመላቸው ወገን 20.8፣ ጨረር ብቻ ከወሰዱት 16.9 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ የዚህን ልዩነት ምክንያት በማያሻማ መንገድ አላሳየም። ሆኖም አንድ ጥርጣሬ መሰንዘር ተገቢ ይመስለኛል። ከሕክምናው 6 ወይም 7 ዓመት በኋላ በሳንባ ምች የሞተ ሰው የሞት ምክንያቱ «ሳንባ ምች» ተብሎ ይመዘገባል። ሳንባ ምቹ በየቀኑ ወደ ሳንባ ሲወርድ በኖረ ምግብና ምራቅ የመጣ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ መዋጡ ተመርምሮ መገኘት ነበረበት። ያልተለካ ነገር ደግሞ በምክንያትነት ሊመዘገብ አይችልም።

ጨረር መዋጥን የሚጎዳበት መንገድ

አንድ ጉርሻ ከአፍ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲያልፍ ወደ 30 የሚጠጉ ጡንቻዎችና አምስት የራስ ቅል ነርቮች በቅንጅት ይሠራሉ። የጉሮሮው ምዕራፍ የሚፈጀው ጊዜ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ሰከንድ ውስጥ የምላስ ሥር ወደ ኋላ ይገፋል፣ የጉሮሮ አጥባቂ ጡንቻዎች ከላይ ወደ ታች ይጨመቃሉ፣ ማንቁርት ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሣል፣ የድምፅ አውታሮች ይዘጋሉ፣ የምግብ ቧንቧው አፍ ይከፈታል። ከእነዚህ አንዱ ሲዘገይ ጉርሻው ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል፤ አልያም ወደ አየር ቧንቧ ያመራል።

ጨረር ጉዳት የሚያደርሰው በሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር የጉሮሮ ልባስ ይቆስላል፣ ያብጣል፤ የምራቅ ዕጢዎች ይደርቃሉ። ይህን ታማሚውም ሐኪሙም ያዩታል፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ቁስሉ እየዳነ ይሄዳል። ሁለተኛው ዙር ግን በዝግታ የሚሠራ ነው። የተጎዳው ሕብረ ሕዋስ በጠባሳ ይተካል፤ ጡንቻዎች ይደድራሉ፣ ይሳሳሉ፤ አንዳንዴም ነርቮች ራሳቸው ይደክማሉ። የስሜት ነርቮች ሲጎዱ ታማሚው ምግብ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባበት አይሰማውም፤ አያስለውም። ይህ ድምፅ አልባ ትንታ ይባላል። አደገኛነቱም ምንም ምልክት ሳያሳይ ሳንባን የሚጎዳ በመሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የተካሄደ አንድ ጥናት ካንሰሩ የለቀቃቸው፣ ነገር ግን ከጨረሩ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የመዋጥ ችግር የጀመራቸውን 29 ታማሚዎች ተመልክቶ ነበር። ከእነዚህ መካከል 25ቱ ሳንባ ምች ይዟቸዋል። ታማሚዎቹ ችግሩ ያለባቸው ተመርጠው የተሰበሰቡ በመሆናቸው ጥናቱ ችግሩ ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ ሊነግረን አይችልም። የሚነግረን ግን ችግሩ ሊጀምር የሚችለው ክትትሉ «አበቃ፣ ድነሃል» ተብሎ በሚዘጋበት ሰዓት መሆኑን ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑና በጨረርና በኬሞቴራፒ የታከሙ የራስና የአንገት ካንሰር ታማሚዎችን የተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የታተመ ሰፊ የመዝገብ ጥናት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ወደ ሩብ የሚጠጉት በትንታ የሚመጣ ሳንባ ምች እንደያዛቸው አመልክቷል።

የመለኪያዎች ድክመት

ስኬት የሚለካው «ማንቁርቱ አለ ወይስ የለም» በሚል ብቻ መሆኑ በቂ እንዳልሆነ የዘርፉ ሊቃውንት ራሳቸው ተገንዝበዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በለፌብርና በአንግ አማካይነት የታተመው የባለሙያዎች ስምምነት አዲስ መለኪያ አቀረበ። በዚህ መሠረት ሞት፣ ካንሰሩ በቦታው መመለሱ፣ ማንቁርት በከፊልም ሆነ በሙሉ መውጣቱ፣ እንዲሁም ከ2 ዓመት በኋላ የአንገት መተንፈሻ ቀዳዳ ወይም የመመገቢያ ቱቦ መኖሩ ሁሉ እንደ ውድቀት ይቆጠራሉ። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። አካሉ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መሥራቱም በመለኪያው ውስጥ ገባ።

ሆኖም ይህ መለኪያም ቢሆን የተበጀው የመመገቢያ ቱቦ በቀላሉ ለሚገኝበት አገር ነው። በሆድ በኩል የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ በሚገባ በማይዳረስበት፣ ቱቦው ቢገባም የሚቀይረውና የሚንከባከበው ባለሙያ በሩቅ ከተማ በሚገኝበት አካባቢ፣ ቱቦ የሌለው ታማሚ ሁሉ ደህና የሚውጥ ታማሚ አይደለም። ቱቦ የሌለው ታማሚ ለቱቦ ያልበቃ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦ ያልደረሰውም ሊሆን ይችላል። ይህን መለኪያ እንዳለ ወስደን የራሳችንን ውጤት ብናሰላ፣ በችግራችን ምክንያት ከሌሎች የተሻለ ውጤት ያለን መስለን ልንታይ እንችላለን። ይህ በቀላሉ ሊታለፍ የማይገባው ስሕተት ነው።

ሌላው መለኪያ መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የታተመው የኤምዲ አንደርሰን የመዋጥ ችግር መጠይቅ 20 ጥያቄዎችን የያዘና በብዙ አገሮች የተተረጎመ ነው። ውጤቱ ከ20 እስከ 100 ሲሆን ከፍተኛው የተሻለ ነው። የመጠይቁ ጥንካሬ የታማሚውን ስሜትና ማኅበራዊ ኑሮ ማካተቱ ነው። ድክመቱ ደግሞ ሰው ከጉድለቱ ጋር ተላምዶ የሚኖር ፍጡር በመሆኑ ላይ ይመሠረታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥሬና ደረቅ ምግብ ትቶ በፍትፍትና በአጥሚት የኖረ ሰው «ምግብ ያስቸግርሃል?» ሲባል «የለም፣ ደህና ነኝ» ሊል ይችላል። ምክንያቱም የሚያስቸግረውን ምግብ ከማዕዱ ካወጣው ቆይቷል። በድምፅ አልባ ትንታ የተያዘውም ምንም ስለማይሰማው ደህና ነኝ ማለቱ አይቀርም። በዚህም የተነሣ የታማሚው ቃል እና በኤክስሬይ ፊልም ወይም በአፍንጫ በሚገባ የካሜራ ቱቦ የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ አይጣጣሙም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

መጠይቁ ወደ አማርኛም ሆነ ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ሲመለስ ቃል በቃል መተርጎሙ በቂ እንደማይሆን መገመት አያዳግትም። በእኛ ዘንድ መብላት የግል ጉዳይ አይደለም። ማዕድ የጋራ ነው፤ ጉርሻ የፍቅርና የአክብሮት መግለጫ ነው። ጉርሻ ሲቀርብለት እጁን አንሥቶ የሚከለክል ሰው የሚቀምሰው ኀፍረት ለብቻው ሳህን ይዞ ከሚበላ ሰው ኀፍረት የተለየ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ ማኅበር ከመሄድ መቅረት የመዋጥ ችግር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። «ከሰው ጋር ትበላለህ ወይስ ለብቻህ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ከብዙ የምርመራ መሣሪያ የበለጠ ሊናገር ይችላል የሚል እምነት አለኝ።

መዋጥን ለማትረፍ የተደረጉ ሙከራዎች

ችግሩን በሕክምናው ዕቅድ ላይ ለመከላከል የተደረገው ጥረት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. አይስብሩክና ባልደረቦቹ የትኞቹ የጉሮሮ ክፍሎች ሲጎዱ መዋጥ እንደሚታወክ ለይተው ካመለከቱበት ጊዜ ነው። የጉሮሮ አጥባቂ ጡንቻዎችና ማንቁርት በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. በሌቨንዳግ የተመራው ጥናት እነዚህ ጡንቻዎች ከ55 ግሬይ በላይ በሚወስዱት እያንዳንዱ ተጨማሪ 10 ግሬይ የመዋጥ ችግር ዕድል በ19 በመቶ እንደሚጨምር ገለጸ። ከዚህ የሚመነጨው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ካንሰር የሌለበትን ጡንቻ ከጨረር መሸሸግ።

ይህ ሐሳብ በዕጣ በተከፈለ ጥናት የተፈተነው በብሪታንያና በአየርላንድ በተካሄደው ዳርስ በተባለው ጥናት ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. በላንሰት ኦንኮሎጂ ታትሟል። ከ112 ታማሚዎች ግማሾቹ የአጥባቂ ጡንቻዎቻቸው የጨረር መጠን እንዲቀንስ ተደርጎ ታከሙ። ታማሚዎቹም ሆኑ የመዋጥ ባለሙያዎቹ ማን ምን እንደተሰጠው አያውቁም ነበር፤ ይህ የጥናቱ ትልቅ ጥንካሬ ነው። በ12 ወር በተጠቀሰው መጠይቅ የተገኘው አማካይ ውጤት 77.7 በ70.6 ሆኖ ለአዲሱ ስልት አድልቷል።

ውጤቱ የሚያስደስት ቢሆንም ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ያሻል። አንደኛ፣ ልዩነቱ 7 ነጥብ ያህል ነው። በዚሁ መጠይቅ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በቡድኖች መካከል ለታማሚ ኑሮ ትርጉም ያለው ልዩነት 10 ነጥብ ያህል መሆኑን አመልክቷል። የስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው ልዩነት ሁሉ በማዕድ ላይ የሚታወቅ ልዩነት ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ በጥናቱ የገቡት እጅግ የሚበዙት የላይኛው ጉሮሮ ካንሰር ያለባቸው ሲሆኑ፣ የማንቁርት ካንሰር ታማሚዎች አልተካተቱም። ካንሰሩ ራሱ ማንቁርት ላይ ሲሆን ልንሸሽገው የምንፈልገው አካልና ልንመታው የምንፈልገው ዒላማ አንድ ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ ስልቱ ጨረርን በኮምፒውተር ቀርጾ የሚሰጥ ዘመናዊ ማሽንና በእያንዳንዱ ጡንቻ ዙሪያ መስመር የሚያሰምር ባለሙያ ይጠይቃል። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ብቸኛ የነበረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ማዕከል ይሠራ የነበረው በኮባልት-60 ማሽን ነበር። ከሁለት ጎን ፊት ለፊት በሚለቀቅ ጨረር ሲታከሙ የአጥባቂ ጡንቻዎች ከሙሉው መጠን የሚያመልጡበት መንገድ የለም። በዚያ ዘመን የታከሙ ታማሚዎቻችን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳት የሚጠብቃቸውም እነርሱ ናቸው። በቅርብ ዓመታት አዳዲስ ማሽኖች ወደ አገር መግባታቸው ይህን ለማሻሻል በር ከፋች ነው፤ ማሽኑ ብቻውን ግን ጡንቻን አይሸሽግም።

ሁለተኛው ጥረት እንቅስቃሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ሃቺሰንና ባልደረቦቿ 497 ታማሚዎችን ተመልክተው፣ በጨረሩ ወቅት በአፋቸው መብላት ያላቋረጡና የመዋጥ ልምምድ የሠሩ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ዘገቡ። ነገር ግን ጥናቱ በዕጣ የተከፈለ አልነበረም። ሕመሙ ያልጠናበት ሰው መብላቱን ይቀጥላል፣ ልምምዱንም ይሠራል፤ ስለሆነም የትኛው ምክንያት የትኛው ውጤት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኮክሬን ግምገማም የልምምዱን ጥቅም ለማረጋገጥ በቂ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጿል። ማስረጃው ደካማ መሆኑ እውነት ነው። ልምምዱ ግን መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ጉዳቱ ትንሽ የሆነ፣ በአንዲት ነርስ ሊሰጥ የሚችል ምክር ነው። ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ መጠበቅ ይበጃል ለማለት ይከብዳል።

የተቃራኒው ወገን ክርክር

ከዚህ በላይ በቀረበው ላይ ሊነሣ የሚችል ተገቢ ተቃውሞ አለ። «ታማሚው በቅድሚያ የሚፈልገው መዳንን ነው፤ መዋጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ነገር ግን ክርክሩ መዳንንና መዋጥን እንደ ተቀናቃኝ ያያቸዋል፤ ሁልጊዜ እንዲያ አይደሉም። በ1991ዱ ጥናት ውስጥ ከማንቁርት አልፎ የወጣ ዕጢ ከነበራቸው ታማሚዎች 56 በመቶዎቹ በኋላ ማንቁርታቸው እንዲወጣ የግድ ሆኗል፤ ዕጢያቸው አነስተኛ ከነበረው 29 በመቶ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ሆፍማንና ባልደረቦቹ ደግሞ በአሜሪካ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የማንቁርት ካንሰር ታማሚዎች የመኖር ዕድል መቀነሱን፣ ይህም ቀዶ ሕክምና ከቀነሰበት ወቅት ጋር መገጣጠሙን ዘግበዋል። መገጣጠም ምክንያትነትን አያረጋግጥም፤ ጥንቃቄን ግን ያስተምራል። በአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር መመሪያም ቢሆን ዕጢው እጅግ ለተስፋፋበት ወይም ማንቁርቱ ከሕክምናው በፊት ሥራውን ላቆመበት ታማሚ ማንቁርትን ማውጣት የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ተመልክቷል።

ይህ ነጥብ ለእኛ ልዩ ክብደት አለው። ታማሚዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚመጡት ዘግይተው፣ መተንፈስና መዋጥ ካቃታቸው በኋላ ነው። አስቀድሞ የሞተ ሥራን ጨረር አይመልሰውም። በአንጻሩ ማንቁርቱ የወጣለት ሰው የአየርና የምግብ መንገዱ ስለሚለያዩ በትንታ የመጠቃት አደጋው ይወገዳል፤ በመዋጥ ረገድ የራሱ ችግሮች ቢኖሩትም። የምርጫው ክብደት ለታማሚው ሊነገረው ይገባል፤ «ድምፅህን እናተርፋለን» ብሎ ስለ ማዕዱ ዝም ማለት ሙሉ ምክር አይደለም።

በየጤና ተቋሙ ሊደረግ የሚችለው

የመዋጥ ምርመራ መሣሪያዎችና ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት መሆናቸው የታወቀ ነው። ይህ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም። በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ያለ ባለሙያ የሚከተሉትን ሊያደርግ ይችላል።

1ኛ. የአንገት ጨረር የተሰጠውን ሰው ባገኘ ቁጥር፣ ሕክምናው 10 ዓመት ያለፈው ቢሆንም፣ ስለ መዋጥ መጠየቅ። ጥያቄውም «ትውጣለህ ወይ?» ሳይሆን ዝርዝር ይሁን፤ አንድ ማዕድ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የትኞቹን ምግቦች ተውክ? ከእያንዳንዱ ጉርሻ በኋላ ውኃ ትጠጣለህ? ስትበላ ወይም ከበላህ በኋላ ያስልሃል? ልብስህ ሰፍቶብሃል?

2ኛ. ክብደትን በየጊዜው መመዝገብ። ሚዛን በሁሉም ቦታ አለ፤ እየቀነሰ የሄደ ክብደት መጠይቅ የደበቀውን ይገልጣል።

3ኛ. የውኃ ፈተና ማድረግ። ታማሚው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ 90 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ሳያቋርጥ ይጠጣ። ቢያቋርጥ፣ ቢያስለው ወይም ድምፁ ቢረጥብ ችግር አለ ማለት ነው። መተንፈስ ለሚያስቸግረው ወይም ምራቁን እንኳ መዋጥ ላቃተው ሰው ይህ ፈተና አይደረግም። ፈተናውን ማለፍም ድምፅ አልባ ትንታን ሙሉ በሙሉ እንደማያስቀር መዘንጋት የለበትም።

4ኛ. የሚደጋገም ሳልና ሳንባ ምች፣ የክብደት መቀነስም ሲኖር ትንታን ማሰብ። በአገራችን እነዚህ ምልክቶች ያሉት ሰው በቅድሚያ የሚጠረጠረው በሳንባ ነቀርሳ ነው። የአክታ ምርመራው መደረግ አለበት፤ ነገር ግን አክታው ነጻ ሲሆን «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ብሎ መድኃኒት ከመጀመር በፊት አንገቱ ጨረር ወስዶ እንደሆነ መጠየቅ ታማሚውን ከማያስፈልግ የወራት ሕክምና ሊያድነው ይችላል። የካንሰሩ መመለስም በልብ መያዝ ያለበት በመሆኑ እንዲህ ያለ ታማሚ ወደ አንገት በላይ ሐኪም መላክ ይኖርበታል።

5ኛ. የአፍ ንጽሕናን ማስተማር። ምራቅ በደረቀበት አፍ ጀርሞች ይበረክታሉ፤ ጀርሞቹ ከምራቅና ከምግብ ጋር ወደ ሳንባ ሲወርዱ ነው ሳንባ ምች የሚጠናው።

6ኛ. ምግብን ከኑሮው ጋር አስማምቶ ማማከር። ለስላሳ ምግብ ብቻ የሚውጥ ሰው በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ሲተው የሚቀረው ገንቢ ምግብ ጥቂት ነው። የታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መሪው ጋር እንዲመክር ማበረታታት፣ በጾሙ ለሚጸና ደግሞ በደንብ የላመ ሽሮና ክክን የመሳሰሉትን ማመላከት ይገባል። ቀጭን መረቅና ደረቅ ቁራጭ በአንድነት ያለበት ምግብ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ሊሆን እንደሚችልም ቤተሰቡ ይወቅ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትናቸው ጥናቶች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ታማሚዎችን ከማንቁርት መውጣት አድነዋል። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። የሠሩት ጉድለት አካልን ቆጥረው ሥራውን በሚገባ አለመቁጠራቸው ነው። ጉድለቱን ያሳዩንም ራሳቸው ያወጧቸው አኃዞች ናቸውና፣ አኃዞቹን እስከ መጨረሻው ማንበብ የእኛ ድርሻ ይሆናል።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ወደ ተለያዩ ክልሎች እየሰፋ ባለበት በዚህ ወቅት፣ የእያንዳንዱ ማዕከል መዝገብ ሲዘጋጅ ከሕክምናው በፊት፣ በ1 ዓመትና በ5 ዓመት የታማሚውን ክብደት፣ የሚበላውን የምግብ ዓይነት፣ የውኃ ፈተና ውጤቱንና የሳንባ ምች ታሪኩን የሚይዝ አንድ ገጽ ቢኖረው ወጪው የወረቀቱ ያህል ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ስንት ማንቁርት እንዳተረፍን ስንጠየቅ፣ ስንቱ ሰው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ማዕድ እንደሚበላም አብረን መመለስ የምንችለው ይህ ገጽ ከዛሬ ጀምሮ ከተሞላ ብቻ ነው።